ትርታው የጠፋው እጅ

አርዋ በመካነ ሰላም የሒሳብ መምህርት ናት። ያን ዓመት ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የምትጽፍበት ግራ እጇ ቶሎ ይዝልባት ጀመር። ድካም ነው ብላ ቻለችው። አንድ ማክሰኞ ግን ዓይኗ ጨለመና ተማሪዎቿ ፊት ወደቀች።

ኮሪደሩ ላይ የመብራት መስመር ሲዘረጋ የነበረው ሙእሚን ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ። ከአንዲት መምህርት ጋር ሆኖ በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው።

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ግራ ክንዷ ላይ ሦስቴ አሰረች። ምንም የለም። የእጅ አንጓዋን ዳሰሰች፤ ትርታ የለም።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ሙእሚን ፈራ ተባ እያለ።

«ቀኙ ላይ ይሠራል» አለች ነርሷ። ፊቷ ተለዋውጧል።

ነገሩን የፈታው ደሴ ያለ ስፔሻሊስት ነው። «የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ ደም ሥርሽን እያጠቃ ነው። ወደ ግራ እጅሽ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ተቆጥቶ ጠቧል። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ነው፤ ግን መድኃኒት አለው።»

ከዚያ በኋላ ሙእሚን በቀጠሮዋ ቀን ሁሉ ደሴ የሚያስኬድ ጉዳይ አያጣም። ሚኒባሱ አቀስታ ላይ ሲቆም ብርዱን አሳበው ሻይ ይጠጣሉ። ብዙ አያወሩም፤ ይተያያሉ።

መድኃኒቱ ፊቷን ሲያሳብጠው አርዋ ስልኩን ማንሳት ተወች። ቤቷ ድረስ መጣ። ሻሿን ወደ ጉንጯ ሳብ አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«ፊቴን አየኸው?»

«አየሁት። እሱ ናፍቆኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሼህ ጀማሉዲን፣ ዕድሜያቸውን ልጆችን ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁስ ማሻአላህ ነው። የኔ ልጅ ግን ዕድሜ ልኳን ሐኪም ቤት ተመላላሽ ናት። ነገ ሰልችቶት ቢመልሳት አልችለውም።»

አርዋ ከጓዳ ወጣች። «አባዬ፣ የሚሰለች ቢሆን እስካሁን ሰልችቶ ነበር። እኔ ራሴን ስሸሽ እንኳ እሱ አልሸሸም።»

 «አንድ ዓመት ልያችሁ» አሉ ሼሁ በመጨረሻ።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሙ የምርመራ ፊልሙን አይቶ ፈገግ አለ። የደም ሥሩ ቁጣ በርዷል። በጠበበው ደም ሥር ዙሪያ ትንንሽ ሥሮች በቅለው እጇን ይመግባሉ። ክትትሉ ይቀጥላል፤ መድኃኒቱ ግን ተቀነሰላት። ሰሌዳው ፊትም ተመለሰች።

በኒካው ዕለት ሼህ ጀማሉዲን ፈቃዷን ሊጠይቁ ሴቶቹ ወዳሉበት ገቡ። የልጃገረድ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠራልና መልስ የጠበቀ አልነበረም።

«አርዋ፣ ለሙእሚን ልዳርሽ?»

«ዳሩኝ አባዬ!» አለች፣ ድምፅዋ ሳሎን የተቀመጡት ወንዶች ጆሮ እስኪደርስ።

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው የሳቁት ሼሁ ነበሩ።