የእትዬ ዘርፌ ድድ

«አልፋቅሁም ያለው ማነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ የወይራ መፋቂያቸውን ከመቀነታቸው መዝዘው እንደ ጦር እየሰበቁ።

«ኧረ እኔ ስለ ጠጋኝ ማሽኖቹ ነው!» አለ ዶክተር ናሁሠናይ ወደ ኋላው እያፈገፈገ። «ሥራቸውን ዘንግተዋል ያልኩት እነሱን ነው።»

«ይሁና» አሉ፤ መፋቂያውን ግን አላወረዱም።

ጨረቃ ላይ ባለችው ሰፈራቸው ድድ መታከም እንደ ፀጉር መቆረጥ ነው። ጠጋኞቹ፣ ማለትም ከአቧራ ቅንጣት የሚያንሱ ማሽኖች፣ በምራቅ እየዋኙ ቁስሉን ይሰፋሉ፤ ታማሚው በማግስቱ ቆሎውን ይቆረጥማል። የእትዬ ዘርፌ ድድ ግን ጠጋኞቹ የሰፉትን ሁሉ መልሶ ይተረትራል። ዛሬም ካልያዘ የቀሩት ጥርሶቻቸው ሊነቀሉ ነው፤ መንቀያው ከጎናቸው ተሰናድቷል።

ናሁሠናይ ምራቅ አንባቢውን ነካካው። ይህ ዕቃ ምራቅ ቀምሶ የሰውነትን ነገር ይናገራል። አሁንም ያንኑ ደገመ፦ «ከባድ ኀዘን፣ የታመቀ። የሰውነት መከላከያ ደክሟል። ሌሊት ጥርስ ይፋጫል። ስፌት አይዝም።»

ተበላሽቷል! ለእትዬ ዘርፌ እኮ መርዶ አልተነገራቸውም።

ታናሽ ወንድማቸው ይርዳው ምድር ላይ፣ ደሴ ውስጥ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የጨረቃው እድር ሰብሳቢ ጋሽ አበጋዝ «ለታማሚ መርዶ አይነገርም፤ ድዷ ይዳንና እናረዳታለን» አሉ። እስከዚያ እንዳይጠረጥሩ፣ የሟቹን ድምፅ ከድሮ መልእክቶቹ ለቅሞ የሚያወራ ማሽን ተገጠመላቸው። በየሳምንቱ «እታለም፣ ደህና ነኝ» ይላቸዋል። ናሁሠናይም በእድሩ ስብሰባ እጁን አውጥቶ ደግፏል።

አንባቢውን በራሱ ምራቅ ሞከረው። «ጤነኛ። ትንሽ ፍርሃት» አለው።

ዕቃው ደህና ነው ማለት ነው።

«እትዬ... ይርዳው እንዴት ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ ዘርፌ ከወንበሩ ተነሡ። «አንተም ትጠይቀኛለህ? ወንድሜ በዕድሜው ደህና ነኝ ብሎ ያውቃል? ወገቤን ሳይል፣ ጉልበቴን ሳይል፣ ጎረቤቱን ሳያማ ሰላምታ ጨርሶ ያውቃል? ያ ቆርቆሮ ደህና ነኝ ያለኝ ቀን አወቅሁ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን አርድቶኝ ላልቅስ? መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት አይደለም? ደግሞስ ከማን ጋር ልቀመጥ? እናንተ ደጄ ላይ ጥርሳችሁን እያሳያችሁ ስለ ወንድሜ ስትጠይቁኝ፣ እኔ ደህና ነው እያልኩ፣ ሌሊት የራሴን ሳፋጭ አድራለሁ!»

ናሁሠናይ መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ደሙ ፈላ። መንቀያውን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ጋሽ አበጋዝን አስጠራ። ሽማግሌው ከሁለት የእድር አባላት ጋር ደረሱ፤ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ጮኸባቸው።

«ይብቃ! ሬሳ የሚያናግር ማሽን ሠራን፤ አጠገባችን ላለች እኅት ወንድምሽ ሞተ የሚል አፍ ግን አጣን። ቁስሉን የምንተረትረው እኛ ነን! አሁኑኑ ይንገሯቸው!»

ጋሽ አበጋዝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በተሰበረ ድምፅ ይርዳው ማረፉን ተናገሩ። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ዓመት ሙሉ የታፈነውን ለቅሶ ለቀቁት። ሁሉም አብሯቸው አለቀሰ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሽ አበጋዝ አቀርቅረው «ዘርፌ፣ እስክትድኚ ብለን እኮ ነው» አሉ።

እትዬ ዘርፌ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔም እናንተ እስክትድኑ እየጠበቅሁ ነበር።»