ማክሰኞ ባለፀጉር፣ ሐሙስ መላጣ

ካርሜላ የማተሚያ ቤቱን በር ገፍታ ስትገባ ኤልዉድ በቀለም የተነከረ ጨርቅ ይዞ ነበር። ቀና ብሎ አያት። እሷን እያየ ላቡን ልጥረግ ብሎ ቀለሙን በገዛ አፍንጫው ላይ ለቀለቀው።

«ጌታዬ... አፍንጫዎ ላይ...» አለችው ሳቋን እየዋጠች።

ሌላ ወንድ ቢሆን «ውይ፣ አመሰግናለሁ!» ብሎ ጠርጎ ስሟን ይጠይቃል። ኤልዉድ ግን አይችልም። በፊላደልፊያ አሮጌው ሰፈር ያለው ይህ ማተሚያ ቤት ሙዚየም ነው። ሠራተኞቹም የጥንት ልብስ ለብሰው፣ እንደ ጥንት ሰው እያወሩ ነው የሚውሉት። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ «በዚህ ቤት ዓመቱ 1774 ነው! ከ1774 የወጣ ከሥራም ይወጣል!» ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! አንጥረኛውን ያባረሩት ለአንዲት ባልቴት የአውቶቡስ ማቆሚያውን ስላሳየ ነው።

ስለዚህ ኤልዉድ ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ።

«እመቤቴ ሆይ! እኔ አታሚው ኦባዳያ፣ ፀሐይ በደጄ ስትገባ ባይ ደንግጬ ነው» አለ፣ ድምፁን ከሆዱ ጎትቶ እያጎረነነ።

ካርሜላ ሳቀች። ያቺ ሳቅ! ኤልዉድ አርባ ዓመት አልፎት እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

«ይህን ለሁሉም ጎብኚ ነው የሚሉት?»

«እመቤቴ፣ ከእርስዎ በፊት ጎብኚ መኖሩንም ረስቼዋለሁ።»

ከምድጃው አጠገብ ሱፍ የሚፈትሉ ሴትዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ናቸው። በ1774 ደግሞ የአታሚው ሚስት መሆናቸው ነው።

«ባሌ ሆይ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል!» አሉት በዓይናቸው እየቆነጠጡት።

ካርሜላ ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣት ጀመረች። እሷም ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው የጥርስ ሙዚየም አስጎብኚ ነች፣ ማክሰኞ ደግሞ እረፍቷ ነው። እሱ ስሟን በትልልቁ ያትምላታል፣ እሷ ትስቃለች፣ «ሚስትየዋ» ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ጠጋ ብላ «እውነተኛ ስምዎን አይነግሩኝም?» አለችው በሹክሹክታ። የፈትሉ ድምፅ ቀጥ አለ። ኤልዉድ በላብ ተጠመቀ።

«ኦባዳያ ነኝ እመቤቴ። ሌላ ስም አላውቅም።»

እናንተዬ፣ አሁን የኤልዉድን ምስጢር ልንገራችሁ። ያ በጥቁር ጥብጣብ ከኋላ የታሰረ፣ ወዝ ያለው ቡናማ ፀጉር ዊግ ነው፤ የሙዚየሙ ንብረት። ከሥሩ ያለው ጭንቅላት እንደ እንቁላል የለሰለሰ መላጣ ነው። ሥራ ላይ የሚያደርጋት ክብ መነጽርና ጎርናና ድምፁም እንደዚያው የትወና ናቸው። ማታ ሲወጣ ሁሉንም እሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ቀጭን ድምፁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሚያርፍበት ሐሙስ ሲደርስ ልቡን አጀገነና ጥርስ ሙዚየም ሄደ። ሊነግራት ነው። በሩ ላይ ቆማለች። አየችው። ምንም! ዓይኗ ላይ አንዲት የመተዋወቅ ብልጭታ የለችም።

«ምን ልርዳዎት?»

«ጥርሴን... ጥርሴን አሞኛል» አለ።

«ይሄ እኮ ሙዚየም ነው፣ ሐኪም ቤት አይደለም!»

«አውቃለሁ... ለማነጻጸር ነው የመጣሁት።»

ያቺ ሳቅ መጣች። በሳቋ ላይ ደግሞ ጉብኝቱ ቀጠለ። የእንጨት ጥርስ አሳየችው፣ በእግር የሚዘወር መሰርሰሪያ አሳየችው፣ በሽተኛ የሚታሰርበትን ወንበር አሳየችው። እሱ የሚያየው እሷን ብቻ ነው።

«ጓደኛ... ማለቴ፣ የምትወጅው ሰው አለሽ?» አላት መጨረሻ ላይ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አንድ ሰው አለ» አለች ጉንጯ እየቀላ። «እዚህ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ። አነጋገሩ! ደግሞ ፀጉሩ! ፀጉሩን ብታየው!»

ኤልዉድ ሳያስበው መላጣውን ዳሰሰ። «ፀጉር ደግሞ ምን ይሠራል?»

«አንተማ እንደዚያ ብትል አይፈረድብህም!»

እንዲህ ከተባለ በኋላ «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» የሚል ጀግና ካለ ይምጣ። ኤልዉድ ስሙን ብቻ ነግሯት ወጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ተመለሰ። በሚቀጥለውም። የምሳ ሰዓቷ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ፕሬትዝል የሚባለውን ጥምዝምዝ ዳቦ ሰናፍጭ ቀብተው ይበላሉ። ቲያትር ሊሠራ ኒውዮርክ ሄዶ እንዴት አፍሮ እንደተመለሰ ነገራት። እሷም ስለ አባቷ ነገረችው። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ልጃቸው እንድትተካቸው ይመኙ ነበር። እሷ ግን ደም ስታይ ትወድቃለች።

«ስለዚህ የሞቱ ሰዎችን ጥርስ እጠብቃለሁ። አባዬ ሳይቀየመኝ ቀርቶ ይሆን?» አለችና፣ ሰናፍጩ አገጯ ላይ እንዳለ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ኤልዉድ መሐረቡን ሰጥቷት፣ አልቅሳ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጠ።

ማታ ማታ ግን ቅናት ይበላዋል። ሰው በገዛ ፀጉሩ ይቀናል? ያውም የራሱ ባልሆነ ፀጉር!

«ያ አታሚ እኮ ሚስት አለው» አላት አንድ ሐሙስ።

«ትወና ነው እንጂ! ሴትዮዋ እናቱ ይሆናሉ።»

«እሺ፣ አንድ ቀን ከዚያ ቤት ወጥቶ አግኝቶሻል? አንድ ቀን ስሙን ነግሮሻል?»

«ሕግ አለባቸው» አለች ሰናፍጩን ከጣቷ እየጠረገች።

«ሕግ! የሚወድ ሰው...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። የሚሰድበው ራሱን ነበር። ካርሜላ ግን ፕሬትዝሏን ይዛ በሐሳብ ጭልጥ አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ የማተሚያ ቤቱ በር ተከፈተ። ማክሰኞ ቀርታበት ኤልዉድ ሲብሰለሰል ነበር ያደረው። ቤቱ በተማሪዎችና በአስተማሪያቸው ጢም ብሏል። ካርሜላ በልጆቹ መሐል አልፋ ፊቱ ቆመች። አልሳቀችም።

«ጌታ ኦባዳያ፣ ከዛሬ በኋላ አልመጣም። ልሰናበትዎት ነው።»

«ምን አጠፋሁ እመቤቴ?»

«ምንም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ሰው ወደድኩ።»

የኤልዉድ ልብ ስንጥቅ አለች። ሌላ ሰው? ሌላ ማን? ማክሰኞ እሱ፣ ሐሙስ እሱ! ይሄ ሦስተኛ ሰውዬ በየትኛው ቀን ገባ?

«ያ ጎብኚ የሚያዞረው የፈረስ ጋሪ ነጂ ነው? ያ ሁልጊዜ እጁን የሚያውለበልብልሽ?»

«ባሌ ሆይ!» አሉ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ከምድጃው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ካርሜላ። ዞራ ወደ በሩ ሄደች።

ወጥታ ልትቀር ነው። ኤልዉድ ሥራውም፣ ሕጉም፣ 1774ም ከዓይኑ ጠፉ። ዊጉን ከራሱ ላይ መንጭቆ ወረወረው።

«ካርሜላ! እኔ ነኝ! ኤልዉድ ነኝ!» ብሎ በዚያች ቀጭን ድምፁ ጮኸ።

«ኡኡ! ጭንቅላቱ ወለቀ!» አለች አንዲት ተማሪ።

ካርሜላ በሩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «አንተ...? አታሚውም አንተ ነህ? ሁለታችሁም?»

«አንድ ነን! ሁለታችንም አንድ ነን!»

«ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ! ለሁለት ወንድ ልቤን ያካፈልኩ ከዳተኛ ነኝ ብዬ ራሴን ስረግም ከረምኩ! እናቴ ለነፍሴ ሻማ እያበራችልኝ ነው!»

«ያ ሌላው ሰው ግን... ማነው?»

«አንተ ነሃ፣ አንተ ደንቆሮ! መላጣውን ነበር የወደድኩት። ነበር!» አለችና በሩን ከኋላዋ ድርግም አድርጋው ወጣች።

ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ተነሱ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ተባረሃል» ማለት ፈልገዋል፣ ግን ሠላሳ ተማሪ ፊት በገዛ ሕጋቸው ተይዘዋል። ከዚያ የእንዝርቱን እንጨት ወደ ላይ አነሱ።

«ባሌ ሆይ! በገዛ ጎጆዬ፣ በገዛ ምድጃዬ ፊት! ፈትቼሃለሁ! ውጣልኝ ከቤቴ!»

ተማሪዎቹ ጭብጨባውን አቀለጡት። አስተማሪያቸው እንባዋን ትጠርጋለች።

ኤልዉድ ጨርቄን ማቄን ሳይል ከካርሜላ ኋላ እግሬ አውጪኝ አለ። ጉልበቱ ላይ በሚቆም ሱሪ፣ በነጭ ረጅም ካልሲ፣ ዘለበት ባለው ጫማ፣ በዚያ ድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ሮጠ። የከተማዋን ዝነኛ የተሰነጠቀ ደወል ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ ስልኩን አወጣ።

ጥርስ ሙዚየም ሲደርስ ካርሜላ ዓይኗ እንደቀላ ስድስት ጎብኚዎች ይዛ ከወንበሩ አጠገብ ቆማለች። አየችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«እንኳን መጣህ። በሽተኛ ያስፈልገኝ ነበር። ተቀመጥ!»

ተቀመጠ።

«አፍህን ክፈት!»

ከፈተ። ካርሜላ የጥርስ መንቀያውን ጉጠት አንስታ የኋላ ጥርሱን ያዘችበት።

«ውድ ጎብኚዎች፣ በድሮ ጊዜ በሽተኛ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚመረመረው። ይሄኛው አሞኛል ብሎ የመጣ ነው። እስቲ እንየው... ውሸታም! ሁሉም ጤነኛ ነው!»

«አአአ!»

«ስለ አታሚው ሳወራልህ ሆድህ እየሳቀ ነበር?»

«አአ! አአ!»

«ስለ አባቴ ስነግርህስ? ያኔም ትሳለቅብኝ ነበር?» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

ኤልዉድ አልጮኸም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ካርሜላ ይህን ስታይ ጉጠቱን ቀስ ብላ አወጣች።

«ተናገር።»

«ፈራሁ ካርሜላ። ያ ባለፀጉሩ ሲናገር ትስቂያለሽ። ዊጉን ሳወልቅ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ብቻ... ማንም ፈልጎኝ አያውቅም። ደጋግሜ ልነግርሽ እመጣለሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ አጠገቤ ትቀመጫለሽ፣ ይሄንንም እንዳላጣው ብዬ ዝም እላለሁ። እወድሻለሁ። ጥርሴን ብትነቅይውም እወድሻለሁ።»



«ጅል!» አለች ካርሜላ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አታሚው ጋ ስሄድ ተኳኩዬ ነበር። አንተ ጋ ግን ሰናፍጭ በአገጬ ላይ እየወረደ አለቀስኩ። ሰው ሳያፍር የሚያለቅሰው ማን ጋ ነው? እ?»

ኤልዉድ ሳይመልስ በሩ ተበረገደ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ናቸው፤ ነጭ ቆባቸው ተንጋዶ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከማተሚያ ቤቱ ከወጡ ደግሞ እንደ ዛሬ ሰው ነው የሚያወሩት።

«ኤልዉድ! አስተማሪዋ ነገ ሌላ ክፍል ላምጣ ትላለች። ሌላ ትምህርት ቤትም ደውሏል። የማተሚያውን ነገር ማን ጠየቀ? ፍቺውን ነው የፈለጉት! ነገ አራት ሰዓት ላይ ልፈታህ እችላለሁ?»

«ነገ ሐሙስ እኮ ነው፣ እረፍቴ ነው...»

«እንግዲያው ዓርብ! በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የምፈታህ።»

ኤልዉድ ካርሜላን አያት። ካርሜላ ሳቋ እንዳያመልጣት ጉጠቱን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ይፍቱት» አለች። «የፈለጉትን ያህል ይፍቱት። ማታ ወደ እኔ ከመጣ ግድ የለኝም።»

ኤልዉድ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል መልሳ አስቀመጠችው። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘችና መሐል መላጣው ላይ ሳመችው።

ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ከኦሃዮ የመጡ ሽማግሌ፣ ቆባቸውን አንስተው ጠጋ አሉ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ... ይሄም የጉብኝቱ ነው?»

«አይደለም አባቴ» አለች ካርሜላ፣ ሳትለቀው። «ይሄ የኔ ነው።»