ናፍጣው እንዳይረጋ

«አምስት ሊትር ብቻ፣ እስከዚህች መስመር» አሉ አባቷ፣ የቤንዚኑን ጀሪካን ከኡንድራል እግር ሥር እያስቀመጡ። «ከዚያ የመኪናዋን ታንክ ክዳን ጥብቅ አድርጊው።»

ኡንድራል ጀሪካኑን አላነሳችም። «አባባ፣ ሶድኖም እኮ ቤንዚን የናፍጣ ፖምፓውን ይበላዋል ብሏል።»

«ሶድኖም ጋራዥ ሳይከፍት እኔ ሹፌር ነበርኩ። የሩሲያውን ካሚዮን ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ብርድ በገባ ቁጥር ቤንዚን እየቀላቀልኩ ነድቼዋለሁ። አንድ ቀን አስነጥሶት አያውቅም።»

«እሱ የድሮ መኪና ነዋ።»

«ይህቺ ደግሞ ልዕልት ናት?» አሉና የፒክአፗን ጎን መታ መታ አድርገው ፈረሳቸው ላይ ወጡ። በጎቹን ከወንዙ ማዶ ሊመልሱ ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ በሙቀቱ ወራት የተገዛ ነው፤ ብርድ ሲመታው እንደ በግ ጮማ ይረጋል። ከረጋ የናፍጣ ማጣሪያውን ይደፍንና ሞተሩ ቀጥ ይላል። ሬዲዮው ደግሞ ለዛሬ ሌሊት ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ብሏል። ነገ ከቀትር በፊት ከተራራው ማዶ ደርሰው ድርሻቸውን ድርቆሽ ካልጫኑ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። በረዶው መንገዱን ከዘጋ በኋላ ድርቆሽ የለም፤ ያለ ድርቆሽ ደግሞ በጎቹ ብርዱን አይወጡትም።

በኡንድራል ቦርሳ ውስጥ፣ ከደብተሮቿ መሃል አንድ ትንሽ ጠርሙስ አለ። ባለፈው ዓርብ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለእረፍት ስትመጣ ሜካኒኩ ሶድኖም ነው የሰጣት። ናፍጣ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ነው።

«ናፍጣው ገና ቀጭን ሳለ ጨምሩት፤ ከረጋ በኋላ ዋጋ የለውም» ብሏታል። «የዘንድሮ መኪና ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚን ያደርቀዋል። ከደረቀ በኋላ እኔ ጋ ይዛችሁት እንዳትመጡ።» ከዚያ ሳትጠይቀው «እርግጥ ኬሚካሉም ሲሠራ አይቻለሁ፣ ሲያቅተውም አይቻለሁ» አላት። ይህን ባይጨምርበት በወደደች ነበር። አባቷ ጠርሙሱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ቀለም የነካው ውሃ» ብለው መልሰውላታል።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘነበለች። ኡንድራል ወደ ወንዙ ተመለከተች፤ ማንም አልነበረም። ጠርሙሱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ታንኩ ውስጥ ገለበጠችው። አምስቱን ሊትር ቤንዚን ደግሞ የአባቷ ሞተር ሳይክል ውስጥ ጨመረችው።

ራት ላይ አባቷ «ጨመርሽ?» አሏት።

«ጨመርኩ።»

ጨምሬያለሁ እኮ፣ ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች። ሾርባዋን ግን ሳትጨርስ ሳህኑን ልታጥብ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ትንሽ አንገራግራ ተነሳች። አባቷ በደስታ መሪውን መቱ። «አየሽ? ለሶድኖም ንገሪው፣ ሽማግሌ ይናቃል እንዴ?» ኡንድራል በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት መረጠች።

ተራራው ግርጌ ሲደርሱ ሞተሩ ተንገራገጨ፤ ኃይሉም ወረደ። አባቷ ዳር ይዘው ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። ከኋላ ጀሪካኑን አነሱ።

«አምስቱ አልበቃትም። አምስት ልድገማት።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ምናልባት መኪናዋ ዛሬ ትወጣለች፤ ፖምፓው ሌላ ቀን ሲሞት ደግሞ ማን ነው ኡንድራልን የሚጠይቅ? ዘላ ወርዳ የታንኩ ክዳን ላይ እጇን ጫነች።

«አባባ፣ ትናንት ቤንዚን አልጨመርኩም።»

«ጨመርኩ አላልሽኝም?»

«የጨመርኩት የጠርሙሱን ነው። ቤንዚኑን ሞተር ሳይክሉ ውስጥ ገለበጥኩት።»

አባቷ ጀሪካኑን እንደያዙ ቆሙ። «እኔ እኮ ሞተር ሳይክሉን እናትሽ ሞላችልኝ ብዬ በልቤ ሳመሰግናት ነው ያመሸሁት» አሉ። የሚስቁ መስሏት ነበር፤ አልሳቁም። «ዋሸሽኝ።»

«አዎ።»

«ጠዋት ስፎክርም እየሰማሽ ዝም አልሽ።»

«አዎ። ፈርቼ ነው።» ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

«ያ ጠርሙስ ተራራውን እንደሚያወጣን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሶድኖምም እርግጠኛ አይደለም። ቤንዚኑ ፖምፓውን እንደሚጎዳው ግን እርግጠኛ ነው።»

አባቷ ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። «ከዚህ ወዲያ መዞሪያ የለም» አሉ። «መሃል ላይ ከቆመች እኔ እሷን እጠብቃለሁ፤ ወርደሽ ሰው የምትጠሪው አንቺ ነሽ። በእግር ሁለት ሰዓት ነው።»

«እሺ።»

«ሌላ ጊዜ እምቢ ካልሽ ደግሞ ፊት ለፊቴ እምቢ በይኝ።»

ጀሪካኑን ሳይከፍቱ መልሰው ጭነው መሪው ፊት ተቀመጡ። ኡንድራል «ትወጣለች፣ አያስቡ» ልትላቸው አስባ ተወችው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ ለረጅም መንገድ እንደሚታሰረው አድርጋ ሁለቱንም አጥብቃ አሰረች።

«እንሂድ» አለች። አባቷ ማርሽ አስገቡ።