ከባንኮክ የተመለሰው ጠበል

አቶ ተክለ ማርያም ሞተው የተገኙት ፍራንክፈርት፣ ሪደርቫልድ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ከባንኮክ ሽርሽር ከተመለሱ ገና አንድ ሌሊት ማደራቸው ነበር። ሻንጣቸው ኮሪደሩ ላይ በግማሽ ተፈትቶ ተጋድሟል፤ ጠረጴዛው ላይ መስቀል የተለጠፈባት ትንሽ የጠበል ጠርሙስ ክዳኗ ተከፍቶ ቆማለች። ልባቸው ደካማ መሆኑን የማያውቅ ስላልነበረ ጎረቤቱም ዘመዱም «ልባቸው ነው» ብሎ ደመደመ። የመጣው ሐኪም ግን ጠርሙሷን አንስቶ አሸተተ። ጠበሉ አልኮል አልኮል ይላል። ከዚያ በላስቲክ ከተታት።

የላቦራቶሪው መልስ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ጠበሉ ውስጥ ሰው ለመግደል የሚበቃ፣ በአልኮል የተበጠበጠ የልብ መድኃኒት ጠብታ ተጨምሯል። ሟቹ የሚወስዱት ደግሞ ክኒን እንጂ ጠብታ አልነበረም።

ምርመራው ለእፀገነት ተሰጠ። እፀገነት በልጅነቷ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ፍራንክፈርት ያደገች የወንጀል ፖሊስ መርማሪ ናት። አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ስታስብ ትዞራለች፣ ስትጠይቅ እስክሪብቶ ታሽከረክራለች። አለቃዋ «አንቺ የምትሠሪበት ክፍል ምንጣፉ ቶሎ ያልቃል» እያለ ይቀልድባታል። የዚያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ሚስትየዋ ናት» አላት። «አብረው የጎበኙት አምስት ናቸው። ሟቹ፣ ሚስቱ፣ አስጎብኚው፣ አንዲት ነርስና አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው በጉብኝቱ ማብቂያ ላይ ሟቹ ከዚያች ጠርሙስ ሲጠጣ አይቷል፤ ሟቹም ምንም አልሆነም። እንግዲያው ጠርሙሷ ከባንኮክ የወጣችው ንጹሕ ሆና ነው። ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፋ ቤት ገባች። ቤት ውስጥ ማን አለ? ሚስት። ዓቃቤ ሕጉ ነገ ጠዋት ያስይዛታል።»

ሒሳቡ ያምር ነበር፤ እፀገነትን ያስጨነቃትም ማማሩ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ዓቃቤ ሕጉ የነከሰው ሥጋ መሆኑን ገና ማንም አላረጋገጠም። ኮቷን አንስታ ወጣች።

የለቅሶው ቤት ሳሎን በተውሶ ወንበር ተጨናንቋል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ስልክ ይጮኻል። አስከሬኑ ስላልተለቀቀ ቀብሩ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ሰው የሚቀመጥበት እያለው ይቆማል። ወይዘሮ የወርቅውሃ እፀገነትን ሲያዩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ እኔን ነው አይደል የሚሉት?»

«እትዬ፣ ጠበሉን የሚይዘው ማን ነበር?» አለች እፀገነት።

«እሱ ራሱ፤ በዚያች የትከሻ ቦርሳው። ማለዳ ማለዳ አንዲት ጉንጭ ይጠጣል፣ ይጸልያል። ባንኮክም አልቀረበትም።»

«በጉብኝቱ ቀን ጠጥተዋል?»

«ጠዋት ሆቴል ሳለን ጠጣ። ማታ አየር ማረፊያ ስንደርስ ፈሳሽ ይዛችሁ አትገቡም ስላሉ ጠርሙሷን ኮፈር፣ ሻንጣው ውስጥ ከተትናት። እዚህ የገባን ዕለት አውሮፕላን ላይ ቁርስ በልቶ ስለነበር አልነካትም። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ጠጣ...»

«በዚያ ቀን ከሰው ተጋጭተው ነበር?»

«እሱ? ከማን ጋር? ከዚያ መቅደስ ከወጣን በኋላ ብቻ ዝም አለ። ጀልባው ላይ እጄን ይዞ ዝም።»

«ለምን እንደሆነ አልነገሩዎትም?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ነግሮኛል። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎም አስምሎኛል።»

«እትዬ፣ ነገ ሊያስሩዎት ነው እኮ!»

«ይሰሩኝ። የሞተ ሰው አደራ አልበላም። ቀብሩ ላይ ብቻ ልቁም፤ ባሏን የገደለች ተብዬ አፈሩን ሳላለብሰው እንዳልቀር።»

እፀገነት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ኢዮብን ያገኘችው ኒደርራድ ሰፈር ከሚሠራበት ቢሮ ደጃፍ ነው። በሳምንቱ ቀናት የቢሮ አገልግሎት ሠራተኛ፣ እሑድ የጸሎት አዳራሽ ዘማሪ፣ በኡርላውብ፣ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ የአበሻ ቡድን ይዞ የሚዞር አስጎብኚ ነው። እሱም እንደሷ መቆም የማይችል ስለሆነ እየተራመዱ አወሩ።

«ቀኑን ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ጠዋት ቤተ መንግሥቱን አየን። ጉልበቱ የሚታይ ሰው አያስገቡም፤ እኔው አስጎብኚው ቁምጣ ለብሼ ሄጄ በር ላይ ሱሪ ተከራየሁ። የዝሆን ሥዕል ያለበት ሰፊ ሱሪ! ጋሽ ተክለ ቦርሳቸውን አስይዘውኝ ፎቶ እያነሱኝ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።» ኢዮብ ራሱም ሊስቅ ብሎ ተወው። «ከዚያ በጀልባ በቦዮቹ ዞርን፤ እዚያው ምሳ በላን። አንድ ፈጣን ጀልባ አልፎ ውሃውን ደፋብንና እስከ ካልሲያችን በሰበስን። ቀጥሎ ወንዙ ዳር ያለው መቅደስ፣ ከዚያ በጀልባ ተመለስን።»

«መቅደሱ ውስጥ?»

«ጫማ ይወልቃል። ስትቀመጪ ውስጥ እግርሽን ወደ ቡድሃው ሐውልት መዘርጋት ነውር ነው። ስለዚህ ተንበርከኩና እግራችሁን ወደ ኋላ አጥፉ አልኳቸው። ነርሷ እህት አያልነሽ ጣዖት ቤት አልገባም ብላ ጫማና ቦርሳ እየጠበቀች ደጅ ቀረች። ሽማግሌው ጋሽ ወንድይራድ ከፊት ተቀመጡ፣ ጋሽ ተክለና እትዬ ከኋላቸው።»

«ስትወጡስ?»

«ጋሽ ተክለን ጀልባ እስኪሳፈሩ በሁለት እጄ ደገፍኳቸው። ውስጥ እግራቸው ያማቸዋል፤ የወህኒ ቤት ግርፋት ነው። እሳቸው ግን ስለሱ አያወሩም።»

«ቦርሳቸውን ማን ያዘ?»

«ጋሽ ወንድይራድ ተቀበሏቸው። እትዬና አያልነሽ መጸዳጃ ቤት ሄደው ነበር።»

አያልነሽ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። የለቅሶውን ቤት ሳህን ስታጥብ ነው የተገኘችው፤ እፀገነትን ስታይ ጥያቄ አልጠበቀችም።

«የምትዪውን አውቃለሁ። ነርስ ነኝ፣ መድኃኒት በእጄ ነው። ቦርሳውም እኔ ጋ ነበር። ‹ጠበል አያድንም› ብዬም ተከራክሬያቸዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን አልከፈትኩትም!»

«መቼ ጠረጠርኩሽ? መቅደሱ በር ላይ ሆነሽ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

አያልነሽ እጇን አደረቀች። «ምን አያለሁ? የጫማ ክምር። ጋሼ ወንድይራድ ካልሲያቸው ረጥቦ ስለነበር አውልቀው ገቡ። ሲወጡ ከሁሉም ቀድመው እየሮጡ መጡና ያንን የራሰ ካልሲ መልሰው አጠለቁት። ‹ይደርቅ እንጂ፣ ቁስል ይሆንብዎታል› ስላቸው ጮኹብኝ። እኔ ላይ ጮኸው አያውቁም።»

እፀገነት በኤስባን ባቡር ወደ ኦስትኤንድ ሰፈር የሄደችው ወንበር እያለ ቆማ ነው።

አቶ ወንድይራድን የማያውቅ አበሻ ፍራንክፈርት ውስጥ የለም። በወጣትነታቸው ታስረው ውስጥ እግራቸው እስኪላጥ መገረፋቸውን፣ የጀርመን ሐኪሞች ከጭናቸው ቆዳ ቆርጠው እንደለጠፉላቸው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ይናገራሉ። ተማሪ ያለቅሳል፣ አስተማሪ ይጨብጣቸዋል። የሳሎናቸው ግድግዳ በዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ ተሸፍኗል። እያነከሱ መጥተው ወንበር ሳቡላት፤ እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ለፖሊስ የነገሩትን እስኪ በአማርኛ ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«በመመለሻው ጀልባ ላይ ነው። ተክለ ምሳ ላይ ሩዙንና ዓሣውን ጥርግ አድርጎ በልቶ ነበርና ጠማው። የወርቅውሃ ጠርሙሷን አቀበለችው፤ ጎንጨት አለላት። ‹በረከት ነው› አለኝ።»

«ተራ የውሃ ጠርሙስ አልነበረም?»

«መስቀል ያለባትን መለየት ያቅተኛል? ጠበሉ ነው እንጂ!»

«እርስዎም ጠበል ይጠጣሉ?»

አቶ ወንድይራድ ፈገግ አሉ። «እኛ ከአያቴ ጀምሮ ወንጌላውያን ነን፣ ልጄ። የጠበል ደጅ ረግጬም አላውቅ።»

በእፀገነት ጣቶች መካከል ስትሽከረከር የነበረችው እስክሪብቶ ቀጥ አለች። አመስግና ወጣች፤ ውጪ ደርሳም ለአለቃዋ ደውላ የዳኛ ፈቃድ እንዲያወጣላት ጠየቀችው።

ወደ አመሻሹ ከሟቹ ጋር የጎበኙት አራቱም ለቅሶው ቤት ተሰበሰቡ። እፀገነት ከለቀስተኛው ማንንም አላስወጣችም። የሥራ ባልደረባዋ በሩ ላይ ቆመ። እሷ በወንበሮቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እያለች ጀመረች።

«እትዬ የወርቅውሃ፣ የመጣችሁ ዕለት ጋሼ ተክለ ጠበሉን ለምን አልነኩትም?»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ቁርስ በልቶ ነበር። እህል ቀምሶ ጠበል የሚጠጣ ማን አለ?»

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት ሴት።

«ማንም የለም» አለች እፀገነት። «ጠበል በባዶ ሆድ ነው። ጋሼ ወንድይራድ ግን ጋሼ ተክለ ምሳቸውን ጠግበው ካበቁ በኋላ ጠበል ሲጠጡ አየሁ ብለዋል፤ ለፖሊስ በጀርመንኛ፣ ለእኔም በአማርኛ። ጀርመኖቹ ስላላወቁ አልገረማቸውም። ጋሼም በጠበል ስላላደጉ አላወቁም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

አቶ ወንድይራድ ሳል ሳል አላቸው። «ተሳስቼ ይሆናል። ሽማግሌ ነኝ።»

«ስህተት ቢሆን ደግ ነበር። ይህ ቃል ግን ሥራ ሠርቷል። ጠርሙሷን ንጹሕ አድርጎ ቤት አስገባት፤ ጥፋቱን በሙሉ እትዬ ላይ ጣለው። ቃሉ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ጠርሙሷ የተመረዘችው እዚያው ጉብኝቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ቦርሳው ኢዮብ ጋ ነበር፤ ጋሼ ተክለ ግን ፊት ለፊት ቆመው ፎቶ ያነሱት ነበር። አያልነሽ ጋ ነበር፤ ነርስም ናት። ግን መራዧ እሷ ብትሆን ጋሼ ወንድይራድ ስለማን ብለው ይዋሻሉ? ጋሼ ወንድይራድ፣ ከመቅደሱ ስትወጡ፣ ኢዮብ ጋሼ ተክለን ደግፎ፣ ሴቶቹ ሄደው ሳለ፣ ቦርሳው እርስዎ እጅ ላይ ነበር።»

«ቦርሳ መያዝ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን እርስዎም የሚወስዱት ያንኑ የልብ ጠብታ ነው። በዳኛ ፈቃድ መድኃኒት ቤትዎን ጠየቅን። ከባንኮክ የገባችሁ ዕለት ‹ጠብታዬ መንገድ ላይ ጠፋብኝ› ብለው አዲስ ወስደዋል።»

«ተክለ ምን በድሎኝ ነው የምገድለው?» አሉ አቶ ወንድይራድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አርባ ዓመት ወንድሜ ነበር!»

እፀገነት ፊታቸው ቆመች። የምትለውን ማለት እንደከበዳት ይታይ ነበር።

«ጫማዎን ያውልቁ፣ ጋሼ።»

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ወንድይራድ እግር አየ። የሚያንጎራጉሩት እናቶች እንኳ አቆሙ።

«ቡድሃው ፊት ሲንበረከኩ ውስጥ እግርዎ ወደ ኋላ ዞረ። ካልሲዎ ረጥቦ አውልቀውታል። ከኋላዎ የተቀመጡት ደግሞ የተገረፈ እግር ምን እንደሚመስል ከራሳቸው እግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። እርስዎ ዞር ብለው ሲያዩ የእሳቸው ዓይን የት እንዳረፈ ተረዱ። ሮጠው ወጥተው የራሰ ካልሲ ያጠለቁት ለዚህ ነው። ተሳስቼ ከሆነ እግርዎን ያሳዩንና እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ወድቄ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

አቶ ወንድይራድ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። በታሪካቸው ያላለቀሰ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና አንዱን ጫማ አወለቁ፤ ካልሲውን ገፈፉት። ውስጥ እግራቸው ለስላሳ ነበር፤ አንዲት ጠባሳ የለበትም።

«ታስሬ ነበር» አሉ በዝግታ። «እሱ ሐሰት አይደለም። ግን ማንም ሳይነካኝ ለቀቁኝ። እዚህ ስመጣ ያልተገረፈን ማን ይሰማል? አንድ ጊዜ ተናገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። ተክለ እየተገረፈ ዝም ብሏል፣ እኔ ሳልገረፍ ተጨበጨበልኝ። ይህን አይቶ እንዴት ይተወኛል? ከተማው ሁሉ ሊያውቅ ነበር።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ተነሡ። አያልነሽ ልትደግፋቸው ብትል እጇን ገፉት።

«ወንድይራድ፣ ጀልባው ላይ ምን እንዳለኝ ልንገርህ? አደራውን እሱ ራሱ ይፍታኝ» አሉ። «‹ይህን ሁሉ ዘመን እንደ እኔ ሌሊት ሌሊት እግሩን የሚያመው ይመስለኝ ነበር› አለኝ። ‹እግሩ ደህና ነው፣ የወርቅውሃ። እንኳን አልገረፉት!› አለኝ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ አስማለኝ፤ እንዳታፍር ብሎ።»

አቶ ወንድይራድ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ለቅሶ ቤት ነውና ማንም ዝም በሉ አላላቸውም፤ የሚያባብላቸውም አልተገኘም።