ይጦረናል ያሉት ቤት

አረጋና ሸጌ ልጅ አልወለዱም። ነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ ባለችው ማሳቸው ገብስና ባቄላ እየዘሩ፣ የአረጋን እናት እማማ ወለተ ሩፋኤልን እየጦሩ በፍቅር ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው እየዛለ ሲመጣ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቸው፤ እኛንስ ነገ ማን ይጦረናል? ይህን ጊዜ ነው የአረጋ ታናሽ ወንድም ሰጠኝ ከላሊበላ መጥቶ፣ «ለምን የሚከራይ ቤት አትሠሩም? ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ!» ያላቸው። አመኑት። በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ፤ በከተማው ዳርቻ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የጭቃ ቤት ደርድረው አሠሩ። የከተማ መታወቂያ የነበረው ሰጠኝ ብቻ ስለሆነ ቤቱ በእሱ ስም ሆነ። ወንድም አይደል? ማን ይጠረጥራል!

እናትየውን ይዘው አንዷ ክፍል ገቡ። በመጀመሪያው የገና በዓል ክፍሎቹ ላሊበላን ሊሳለሙ በመጡ ምዕመናን ሞሉ፤ አረጋም እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ግን ሰጠኝ ያልነገራቸው ብዙ ነበር። ሽንት ቤቱ ይሞላል፤ ተዳፋት ላይ የቆመ ግድግዳ በየክረምቱ ይሰነጠቃል፤ ተከራይ አምፖሉን ሳይቀር ነቅሎ ይጠፋል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቱሪስት ቀረ፤ ተከራይ የነበሩት አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ። አረጋ የተራበ ሰው ከቤት ማስወጣት አልሆንልህ አለው። እድሳቱ ግን ማንንም አይጠብቅም! የላስታ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲገነጥለው አናጺ የሚቀጥርበት ስላልነበረው ራሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። እንጨቱ በስብሶ ነበር… ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ።

«ሁለት ክፍል እንሽጥና አረጋ ይታከም» አለችው ሸጌ ሰጠኝን፣ እግሩ ሥር ወድቃ።

ሰጠኝ ፊቱን አዞረ። «እትዬ፣ ቤቱ በስሜ ነው። የምትሸጡት የላችሁም።»

አረጋ ይህን በጆሮው ሰማ። ወንድሙን ከተኛበት አንዴ ቀና ብሎ አየው። ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። ሸጌ በቀብሩ ላይ እንባ አልወጣትም። ወደ ሰጠኝ ጠጋ ብላ ብቻ፣ «እኔም አንድ ቀን ደጅ አወጣሃለሁ» አለችው።

ከአርባው በኋላ ሰጠኝ እሷን አባሮ ራሱ ቤቱ ገባ፤ እናቱን ግን ከራሱ ጋር አስቀራቸው። ሸጌ ጋሸና ከተማ ወጥታ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ በሚሸጥ ቤት ድስት አጠበች። እጇ በውኃ ሲላጥ ልቧ በቂም ይደነድናል። ከሥራ ባረፈች ቁጥር ላሊበላ ወርዳ ፍርድ ቤት ትቆማለች። በስንት ምልልስ፣ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ ሽማግሌዎች መስክረውላት፣ ቤቱ ተፈረደላት!

ቤቱን ልትረከብ የመጣችው በሐምሌ ነበር፤ ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል። «ክረምቱ ይለፍላቸው» ብለው ሽማግሌዎቹ ለመኗት።

«አረጋን ማን ቀን ሰጠው?» አለች። የሰጠኝን ዕቃ ጭቃው ላይ ስታስጥል ደስታ ደረቷን ሞላው። ዓመታት የናፈቀችው ቀን ነበራ! ድንገት እማማ ወለተ ሩፋኤል ምርኩዛቸውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ።

«እማ፣ እርስዎ የት ነው? ይግቡ! ቤቱ የእርስዎ ነው!»

«ልጄ፣ አረጋን አፈር ወሰደብኝ» አሉ አሮጊቷ፣ ነጠላቸውን እየተከናነቡ። «ይሄም በዳይ ቢሆን፣ ከሆዴ የወጣ ነው።»

ጎተተቻቸው፤ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። ልጃቸውን ተከትለው በዝናቡ ሄዱ። ሰጠኝ ባቆመው የላስቲክ ዳስ ውስጥ ብርዱ ደረታቸውን መታው፤ መስከረም ሳይጠባ ሞቱ።

በቀብሩ ላይ ሰጠኝ ሸጌ ጉልበት ላይ ተደፋ። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ሁለቱንም!»

«ለእናትህ አልቅሼ አልጨረስኩም» አለች ሸጌ። «ላንተ ይቅርታ ገና አልደረስኩም።»

ወይ ዕጣ! ሁለት ምስኪኖችን ይጦራል የተባለ ቤት ምን አደረገ? አባወራውን ገደለ፤ ወንድማማቾችን አለያየ፤ አሮጊቷን እናት በብርድ ቀጠፈ። ዛሬ ክፍሎቹ ሁሉ የሸጌ ናቸው። ተከራይ መጥቶ ሲጠይቃት «የለም» ብላ ትመልሰዋለች። ባዶዎቹን ክፍሎች ስታይ አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል፤ ይቅር ማለት ያቃታት ሰጠኝን ነው… ወይስ ራሷን?