ሁለት ብርጭቆ ኮሶ

ተክለሚካኤል በሞተ በማግስቱ፣ ወንድሙ ኤርሚያስ ሻምበል ሀይለማርያምን የጠራው ለምርመራ ሳይሆን ለምስክርነት ነበር።

«ወንድሜን የገደለችው ይቺ አሮጊት ናት። ፖሊስ ልጠራ ነው፤ እርስዎ ብቻ ይስሙልኝ።»

ሀይለማርያም አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምሮ፣ አሁን ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ወገቡ ተቆርጧል። እውነቱን ለመናገር ሬሳም ሐሜትም ሰልችቶታል።

ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ባለው አፓርታማ የሟቹ ሚስት ብዙዬ አንገቷን ደፍታለች። መድኃኒት አዋቂዋ እማማ አልጣሽ ጥግ ይዘው እጃቸውን ያያሉ።

«እማማ፣ ምን ሰጡት?»

«ኮሶ። ጥሬ ሥጋ ይወዱ የለ? ትናንት ጠዋት መኝታ ቤት ውስጥ ለሁለቱም በባዶ ሆዳቸው ሰፈርኩላቸው። አርባ ዓመት ስሰፍር ሰው ሞቶብኝ አያውቅም። አሁን ግን እጄን አላምነውም።»

«ሲጠጡ አይተዋል?»

«ኮሶ የሚጠጣ ሰው ፊቱ አይታይም፤ አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ዞርኩ። ስመለስ ሁለቱም ብርጭቆ ባዶ ነው።»

«እኔም መኝታ ቤቱ በር ላይ ፊቴን አዙሬ ቆሜ ነበር፤ ማንም አልወጣም» አለ ኤርሚያስ።

«ብዙዬ፣ ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሥራ ገባሁ፣ ኮሜርስ ሲቲ። ሞተ ተብሎ እስኪደወልልኝ ድረስ ሙሉ ሺፍቱን መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነው የዋልኩት።»

ከጎረቤት የሽንኩርት ቁሌት ሸተተ። ብዙዬ በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን ያዘች፤ ከኪሷ ደረቅ ብስኩት አውጥታ ቀስ ብላ ቆረጠመች። ሀይለማርያም ምነው ባላየሁ ብሎ ተመኘ።

«ኤርሚያስ፣ ስልኩን አስቀምጥ። ኮሶ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት እንጂ መጋዘን አይውልም፤ እኔም ጠጥቼ አውቀዋለሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ ቆማለች፤ ስለዚህ አልጠጣችም። ብርጭቆዋ ግን ባዶ ነው። መኝታ ቤቱ መድፊያ የለውም፤ በሩ ላይ ደግሞ አንተ ነበርክ። የቀረው አንድ አፍ ነው። ወንድምህ የሁለት ሰው ኮሶ ጠጥቷል፤ የገደለውም መብዛቱ ነው።»

«ለምን ብሎ?»

«ለነፍሰ ጡር ኮሶ አይሰጥም፤ ያስወርዳል። አይደለም፣ ብዙዬ?»

ብዙዬ ተንሰቀሰቀች።

«እማማ ‹የወር አበባሽ አልቀረም?› ብለው ሲጠይቁኝ ኤርሚያስ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። አፍሬ አልቀረም አልኩ። ለተክሌም ገና አልነገርኩትም፤ ሳይጠና አይወራም ብዬ። መረረኝ ብዬ በሹክሹክታ ሰጠሁት። ‹መድኃኒት አይደፋም› ብሎ እየሳቀ ጨለጠው። አባት መሆኑን ሳያውቅ ሞተ።»

ኤርሚያስ ግድግዳውን ተደገፈ።

እማማ አልጣሽ እንደምንም ተነስተው ብዙዬ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«ወንዶች፣ ውጡ» አሉ። «ትናንት ስጠይቅሽ እንዲህ ማለት ነበረብኝ።»