ካልተደገመ አይቆረጥም

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ትልቁ መስኮት ግን አሁንም ያለ መስታወት አፉን ከፍቶ ንፋስ ይጠጣል።

አለቃ በባዶው መስኮት ፊት ቆማ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ጣሪያውን አየ።

«ለብቻህ ነው የለካኸው?»

«ቸኩዬ ነበር...»

«ማን ደገመልህ?»

ወንድሟ አሳጥሮ የቆረጠው መስታወት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አይቀጠል ነገር፣ አይለጠጥ ነገር።

አባታቸው ከሞተ ዛሬ ዓመት ሞላው። ሰፈርተኛው «ጋሽ መስታወት» ነበር የሚለው። አንድ መቁረጫ አልማዝ በኪሱ ይዞ፣ መስታወት በጀርባው ተሸክሞ በየደጃፉ በመዞር የጀመረ ሰው ነው፤ ሱቁም ወርክሾፑም የጭነት መኪናውም በኋላ መጡ። የፈለገውን ያህል ትልቅ ደንበኛ ቢመጣበት ግን ምሳውን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው የሚበላው። «ሕንጻው የትም አይሄድብኝም፤ ልጆቼ ግን ያድጉብኛል» ይል ነበር። የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን መስኮቶች በነፃ የሚያስገባው እሱ ነው። ልጆች በኳስ መስኮት ሲሰብሩ ሰው ሁሉ ዱላ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እሱ ሜትሩን ይዞ ይመጣና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «ጎል ነበር?» ነበር ካሉት እየሳቀ ይሠራል። አልነበረም ካሉትም ይሠራል፤ ትንሽ እያጉረመረመ።

«አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ገና እግሯ መሬት ሳይደርስ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ ሠራተኛ ስታዝ አይቶ። ዛሬ ሱቁን የምትመራው እውነትም እሷ ናት። ሰፈሩ ይህ መስኮት ለጋሽ መስታወት መታሰቢያ ይሁን ሲል፣ «መስታወቱን እኛ እናስገባለን» ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችውም እሷው ናት።

«አሁን ማን ይደርስልኛል?»

«እኔ እንጃ» አለች አክስቷ፣ ወንበር እየደረደረች። እንጃ ያለችው ግን እንደሚያውቅ ሰው ነበር።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ለመታሰቢያው ይምጣ ብዬ ትናንት ስልክ ደወልኩ። ስልክ መደወል ወንጀል ሆነ እንዴ?»

አለቃ ዞር ስትል በሩ ላይ ልኬ ቆሟል።

ልኬ የሚሉት «ልክ ነው» ከአፉ ስለማይጠፋ ነው። በአባቷ እጅ ሠልጥኖ፣ ለዓመታት ከእሷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሠርቷል። የሱቁ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የለካው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌላው ይደግማል፣ የጠራው «ልክ ነው» ይላል። ካልተደገመ አይቆረጥም። ስለዚህ ሁለቱ ያን ሁሉ ዘመን ያወሩት ቁጥር ነው። ቁጥር ብቻ ነበር እንዳይባል ግን፣ ቁጥር እንዲያ ባለ ዓይን አይጠራም።

አንድ ቀን ሰፊ መስታወት ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃ ሲወርዱ፣ ልኬ በመስታወቱ አሻግሮ እያያት «እወድሻለሁ» አላት። ሞኝነቱን እዩልኝ እንግዲህ! መስታወት ተሸክሞ ማውራት በጋሽ መስታወት ቤት ክልክል ነው። እሷ እንኳን ልትመልስ መተንፈስም ፈራች። መስታወቱን አስቀምጠው አፏን ልትከፍት ስትል ወንድሟ እየሮጠ መጣ፤ አባታቸው ወድቆ ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሐዘን። ልኬ ጠበቀ፣ ጠበቀና ዝምታዋን እንቢታ ነው ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ የራሱን ሥራ ከፈተ። እሷም «ከልቡ ቢሆን መልሶ ይጠይቀኝ ነበር» ብላ ኮራች። የሄደ ዕለት መጋዘን ገብታ ምን ያህል እንዳለቀሰች ግን ማንም አያውቅም።

«ደህና ነሽ አለቃ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና።»

«እሰይ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ!» አለች አክስቷ። «በሉ አሁን እንግዳ ሳይደርስ!»

ልኬ ሜትሩን ዘረጋ።

«ቁመት፣ ሁለት ከአሥራ አራት!»

«ሁለት ከአሥራ አራት!»

«ልክ ነው።»

ድምፃቸው በባዶው አዳራሽ ሲያስተጋባ አለቃን ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ በራሷ ተናደደች። ወደ ወርክሾፑ በረሩ፤ አልማዙ በአዲሱ መስታወት ላይ ሲጥ እያለ ሮጠ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ያዙት። ተሸክመው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አመሩ። በመስታወቱ አሻግራ አየችው፤ እሱም አያት። አሁን ቢላት ምን ነበረበት! ግን አንዴ የተቀጣ ሰው፣ አፉን ገጥሞ እግሩን ብቻ ያያል።

መስታወቱ ቦታው ገጭ ብሎ ሲገባ እንግዶቹ በሩን ሞልተውት ነበር።

«ልኬ፣ አንድ ነገር...»

«አውቶቡሴ አይጠብቀኝም። ትንሽ ሰምቼ እሄዳለሁ» አላት፣ ዓይኑን ሰብሮ።

አዳራሹ ጢም አለ። ስለ ጋሽ መስታወት የሚያወራው ያጣ ሰው አልነበረም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ በዝናብ መጥቶ የማዋለጃ ክፍሉን መስኮት እንዴት እንደገጠመ አወራች። ቀጥላ የአለቃ እናት ተነሣች።

«ሰውዬው በሕይወቱ አንድ መስኮት ብቻ ነው የተሳሳተው፤ የእኔን» አለች። «ለካ፣ አልሆነም። ተመልሶ ለካ፣ አሁንም አልሆነም። ኋላ ‹አንተ ሰው፣ መስኮቱን ነው የምታየው እኔን?› አልኩት። ‹አንቺን› አለኝ። በማግስቱ መስኮቱ ልክ ሆነ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃም ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ልኬን ፈለገ። ቦርሳውን አንግቶ ወደ በሩ እየሄደ ነው። ልትከተለው ስትነሣ ማይክሮፎኑን እጇ ላይ አስቀመጡላት፤ ለካ ተራው የእሷ ኖሯል።

«አባቴ...» አለች። ሌላው ጠፋባት። ልኬ በሩን ከፈተ።

ያኔ ነው ከትልቁ መስኮት ጎን ያለችው ትንሿ አሮጌ መስኮት እንክትክት ብላ የተሰበረችው። ኳስ ነጥሮ ገብቶ ከእናቷ ወንበር ሥር ቆመ።

ሰው ሁሉ አለቃን አየ። በአባቷ ቀን! ውጭ የነበሩት ልጆች ለመሮጥም ፈርተው ደርቀዋል።

አለቃ ወደ ተሰበረው መስኮት ሄደችና አንገቷን አሰገገች።

«ጎል ነበር?»

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፦ «ነበር!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እናቷ በአንድ ዓይኗ አለቀሰች፣ በአንዱ ሳቀች። ልኬም ማንም ሳይጠራው ከበሩ ተመለሰ። ቦርሳውን ጥሎ ሜትሩን አወጣና በትንሿ መስኮት ላይ ዘረጋው።

«ስድሳ በአርባ!»

አለቃ ዝም አለች።

«ስድሳ በአርባ!»

አሁንም ዝም።

«አለቃ፣ ካልተደገመ አይቆረጥም እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ የዛሬ ዓመት ያልደገምኩልህ አለ።» ማይክሮፎኑ እጇ ላይ መሆኑን ረስታዋለች። «እወድሃለሁ።»

ቃሉ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ። ሜትሩ ከልኬ እጅ ሹልክ ብሎ ተጠቀለለ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«አንተ ልጅ!» አለች አክስቷ ከኋላ። «ሲደገምልህ ምን ትላለህ?»

«ልክ ነው» አለ። ደገመውም። «ልክ ነው! ልክ ነው!»

ከጭብጨባው መሃል እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። አውቶቡሱን ያስታወሰው የለም።

«ስድሳ በአርባ» አለችው አለቃ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

እናቷ ጎንበስ ብላ ኳሱን ከወንበሯ ሥር አነሣችና በተሰበረው መስኮት ወደ ውጭ ወረወረችው።

«በሉ፣ ጨዋታችሁን ቀጥሉ!» አለቻቸው ልጆቹን።